ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነው?

«ብንነግርሽም አትደርሺም ነበር።»

ይህን ያለኝ ወንድም ጋሼ እያልኩ የምጠራው የአክስቴ የበኩር ልጅ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለን አንዲት ጎረቤት፣ ያሳደገችኝ አክስቴ ሐኪም ቤት በተኛችበት ጊዜ ስሜን እየጠራች ትጠይቅ እንደነበር ነገሩኝ። ተኝታ እንደነበረም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ያውም ከሳምንት በላይ። ለምን እንዳልተነገረኝ ስጠይቀው ወንድም ጋሼ የመለሰልኝ ያችኑ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበር። በክፋት አልተናገራትም። እናቱን ቀብሮ እንቅልፍ በዓይኑ ያልዞረ ሰው፣ እኔን ሊያጽናና ብሎ ነው። በዙሪያችን የተቀመጡትም «እውነቱን ነው፤ አሜሪካ እኮ ነው» እያሉ ደገፉት።

ሐዘን ሲበርድ በለቅሶ ቤት የተባለው ብዙ ነገር ይረሳል፤ ይህች ንግግር ግን አልለቅ አለችኝ። የማጽናኛ ቃል ብትሆንም በውስጧ የመንገድ ግምት አለ፤ ርቀት አለ፣ ሰዓት አለ፣ ይደረሳል አይደረስም የሚል ስሌት አለ። ስሌት ደግሞ እንደገና ሊሠራ ይችላል። እኔ የምኖርበትን የዋሽንግተን አካባቢና የተወለድኩባትን አዲስ አበባን የሚለየው መንገድ በእርግጥ ምን ያህል እንደሆነ ከዚያ በኋላ ደጋግሜ መርምሬአለሁ። ያገኘሁት መልስ በቤተሰባችን ዘንድ ከሚታመነው እጅግ ያጠረ ነው፤ ስለዚህም ነው ልጽፈው የወደድኩት።

ጠፍጣፋው ካርታ የማያሳየው መንገድ

በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው የዓለም ካርታ ላይ ማስመሪያ አጋድሞ አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን የሚያገናኝ ሰው፣ መስመሩ ሱዳንን፣ ቻድንና ማሊን አቋርጦ፣ ከሰሐራ ዳርቻ ወደ አትላንቲክ ሲገባ ያየዋል። አውሮፕላን ግን የሚበረው በወረቀት ላይ አይደለም። በሉል ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥሮ የሚይዝ ሰው ሌላ መንገድ ያገኛል። ክሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሣል፤ በሰሜን ሱዳንና በሊቢያ በረሃ አድርጎ የአልጄሪያን ጠረፍ ያልፋል፤ ደቡባዊ ስፔንንና ፖርቱጋልን አቋርጦ አትላንቲክ ላይ ይወጣል። ውቅያኖሱ መካከል ሲደርስ እስከ 45 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ድረስ ከፍ ካለ በኋላ፣ ከካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ በስተደቡብ እየወረደ የአሜሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ ተከትሎ ዋሽንግተን ይደርሳል።

የዚህ ክር ርዝመት ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ለሚያስታውስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ከሩብ ዓለም ትንሽ አለፍ የሚል ነው ማለት ነው። በማስመሪያ የተሰመረው መንገድ ቀጥ ያለ ቢመስልም ከዚህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከመቀመጫችን ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የበረራው መስመር እንደ ቀስት ጎብጦ ሲታይ ብዙ ሰው አብራሪው የዞረ ይመስለዋል፤ ጎባጣው ግን አጭሩ ነው።

እርግጥ ነው፣ አውሮፕላኑ ክሩን እንዳለ አይከተልም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት አየር መንገዶች የዚያችን አገር ሰማይ ይሸሻሉ፤ የሊቢያም ሰማይ ለዓመታት እንደ ልብ የሚታለፍ አልነበረም። በጦርነት ምክንያት መዞር ራሱን የቻለ ሐዘን ነው፤ ጎረቤታችን ሰላም በነበረች ጊዜ መንገዳችንም ያጥር ነበር። ያም ሆኖ ረጅም ርቀት የሚሄድ ዘመናዊ አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበር፣ ከደለስ ተነሥቶ ያለ ማረፍ ቦሌ ለመድረስ 13 ሰዓት ያህል ይበቃዋል።

መሄጃው 13፣ መመለሻው 17

ይህን መንገድ የሚመላለስ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ወደ አገር ቤት ሲኬድ በረራው ቀጥታ ነው፤ ወደ አሜሪካ ሲመለሱ ግን መሐል ላይ አንድ ቦታ ይታረፋል። እንደ ዘመኑ ማረፊያው ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ ሆኖ ያውቃል። ተሳፋሪው ከመቀመጫው ሳይነሣ ነዳጅ ይሞላል፣ የበረራ ሠራተኞች ይቀያየራሉ፣ ጉዞው ይቀጥላል። ለዚህም ነው መመለሻው 16 ወይም 17 ሰዓት ገደማ የሚፈጀው።

ለብዙ ዘመን ምክንያቱ ርቀቱ ይመስለኝ ነበር። ርቀቱ ግን በሁለቱም በኩል አንድ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከቦሌ መሬት ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሞተሩ የሚሰጠውን ጉልበት ይቀንሰዋል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ፍጥነቱን ለማግኘት ደግሞ ረጅም ማኮብኮቢያ ያስፈልጋል፤ የቦሌው 3,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ መሬቱ ያልቃል። ስለዚህ ከቦሌ የሚነሣ ትልቅ አውሮፕላን ክብደቱን መቀነስ አለበት። መንገደኛውና ሻንጣው ከተጫኑ በኋላ የሚቀነሰው ነዳጁ ነው። አንድ ቦይንግ 787 መያዝ የሚችለው ነዳጅ 100 ቶን ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ሰው ሞልቶ ይህን ሁሉ ተሸክሞ መነሣት አይሆንለትም። ደለስ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 95 ሜትር ላይ ብቻ ስለሆነ አየሩ ወፍራም ነው፤ አውሮፕላኑ ጋኑን ሞልቶ ይነሣል።

በዚህ ላይ ነፋሱ አለ። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከመሬት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የአየር ጅረት አለ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የብርድ ወራት በተለይ ይበረታል። አትላንቲክን ወደ ምሥራቅ የሚያቋርጥ አውሮፕላን ከኋላው ይገፋለታል፤ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ግን ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል። በአንጻሩ ለነዳጅ ማረፉ በኪሎ ሜትር ሲታይ ያን ያህል አያስዞርም፤ በደብሊን በኩል መሄድ በመንገዱ ላይ የሚጨምረው 270 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሮም በኩል 150 ገደማ ነው። ጊዜውን የሚበላው መውረዱ፣ መቆሙና እንደገና መነሣቱ ነው። የሎሜው መንገድ ግን በራሱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያስረዝማል። ወደፊት ይህ ሊቀየር ይችላል፤ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ አየር ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ባለ መሬት ላይ ስለሚያርፍ፣ ከዚያ የሚነሣ አውሮፕላን የበለጠ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይችላል።

የአየሩን መሳሳትና የነፋሱን አቅጣጫ ሳጠና አንድ ነገር ልቤን ነካው። አጭሩ ጉዞ፣ ያለ ማረፍ የሚደረሰው፣ ወደ አገር ቤት የሚወስደው ነው። ወደ አሜሪካ የሚመለሰው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ሥራ ነው፤ ሥራ ሦስት ሰዓት ቢዘገዩበት አይሞትም። ወደ አዲስ አበባ የሚጣደፈው ግን አንዳንድ ጊዜ ሰው ይጠብቀዋል። ተራራውም ነፋሱም ለቸኮለው ሰው አድልተዋል። ይህን የሚያህል ነገር ተሰጥቶን ሳለ «አትደርሺም» መባባላችን ነው ያሳዘነኝ።

የመመለሻው ሌሊት

ከለቅሶው በኋላ ወደ አሜሪካ ስመለስ ከቦሌ የተነሣነው ማታ ነበር። ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን ከጨለማው ጋር አብሮ ስለሚሄድ ሌሊቱ ከመሬቱ ሌሊት ይልቅ ይረዝማል። ሰው ሁሉ ተኝቷል፤ እኔ ከፊቴ ያለውን ሰሌዳ እያየሁ ነበር። የተጓዝነው ርቀት፣ የቀረው ርቀት፣ የመነሻው ሰዓት፣ የመድረሻው ሰዓት እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ያን ጊዜ ነው ወንድም ጋሼ በግምት የተናገረውን በሰዓት ለማስላት የተነሣሁት። በእርግጥ ቢነገረኝ ኖሮ እደርስ ነበር ወይ?

እንዲህ ብዬ ጀመርኩ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በሰዓት ትቀድማለች፤ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ በ7 ሰዓት፣ በሌሎቹ ወራት በ8። አክስቴ አንድ ቀን ሌሊት ሐኪም ቤት ገባች እንበል፤ አዲስ አበባ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን እኔ ዘንድ ገና ማታ 2 ሰዓት ነው፤ አልተኛሁም። ስልክ ይደወልልኛል። ማታውን ትኬት እፈልጋለሁ፣ ለአሠሪዬ መልእክት እልካለሁ፣ ሻንጣ አዘጋጃለሁ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሌለን ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫው ካርድ አለልን፤ ቪዛ መጠበቅ የለም። በማግስቱ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ አውሮፕላኑ ከደለስ ተነሣ እንበል፤ በአዲስ አበባ ማታ 12 ሰዓት ነው። 13 ሰዓት ሲጨመርበት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቦሌ እገባለሁ። ፓስፖርት አስመትቶ፣ ሻንጣ ተቀብሎ፣ በጠዋቱ የመኪና ጭንቅንቅ ሐኪም ቤቱ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይጨመር። ስልኩ ከተደወለበት ደቂቃ አልጋዋ አጠገብ እስከምቆምበት ድረስ ያለው ጊዜ 30 ሰዓት ነው። ወንበር ባይገኝ፣ ቀጥታው በረራ በዚያ ቀን ሞልቶ በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል መዞር ቢያስፈልግ፣ አንድ ቀን ይጨመርበት፤ 54 ሰዓት ይሁን።

እሷ ሐኪም ቤት የቆየችው ግን ከሳምንት በላይ ነው።

ስሌቱን ስጨርስ መጀመሪያ የተሰማኝ ቁጣ ነበር። ከዚያ ደግሞ ከራሴ ጋር መከራከር ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን እኮ እነሱም አያውቁም ነበር፤ ሐኪሙ «ጥቂት ቀን ታርፋለች፣ ትወጣለች» ብሏቸው ይሆናል። በሁለተኛው ቀን ተሽሏት ምግብ ቀምሳ ይሆናል። ሥራዬን ትቼ፣ ያንን ሁሉ ገንዘብ አውጥቼ ስደርስ ድና ባገኛት ያፍሩ ይሆናል። ይህን ሁሉ ተቀበልኩት። ሆኖም በሦስተኛው ቀን ቢነግሩኝም እደርስ ነበር፤ በአራተኛው ቀንም እደርስ ነበር። ስሜን ስትጠራ መልስ የምትሰጥ እኔ እሆን ነበር። የምትወደውን አጥሚት በማንኪያ አቀርብላት ነበር፤ እጇን ይዤ ስለ ልጅነቴ አጫውታት ነበር። ባትድንም እንኳ። እንዲያውም በተለይ ባትድን። አበው «ከሞቱ አሟሟቱ» የሚሉት ይህንንም ይጨምራል ብዬ አምናለሁ፤ ሰው ሲሞት ማን አጠገቡ ነበር የሚለው ከአሟሟቱ ይቆጠራል።

በዚያች ሌሊት የተገለጠልኝ ይህ ነው። ከአክስቴ ያራቀኝ ውቅያኖሱ አልነበረም። መንገዱን በየክፍሉ ከፍዬ ባየው፣ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ደለስ አንድ ሰዓት፣ አየር ማረፊያ መጠበቅ ሦስት ሰዓት፣ ሰማዩ ላይ 13 ሰዓት፣ ከቦሌ እስከ ሐኪም ቤቱ ሁለት ሰዓት ነው። ከሐኪም ቤቱ እስከ ወንድም ጋሼ ስልክ ድረስ ግን ከሳምንት በላይ ፈጅቷል። ከሁሉ የረዘመው የመንገዱ ክፍል እሱ ነበር፤ እሱን ደግሞ ምንም ዓይነት አውሮፕላን አያሳጥረውም።

ልማዱ የተሠራበት ዘመን

ሰው ርቆ ላለ ዘመዱ ክፉ ወሬ የሚደብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ልማድ በተሠራበት ዘመን ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። አያቶቻችን ልጆቻቸውን ወደ ባሕር ማዶ ሲልኩ መንገዱ በባቡር ይጀምር ነበር። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በቀድሞው ዘመን ሌሊት አይሄድም፤ መንገደኛው አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባል። ከዚያ በመርከብ በስዊዝ በኩል ወደ ማርሴይ፣ ከአውሮፓ ደግሞ በሌላ መርከብ አትላንቲክን አቋርጦ ወደ አሜሪካ ይቀጥላል፤ ሁሉም ተደምሮ ሳምንታት ነው። ደብዳቤም የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው። «እናትህ ታማለች» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ሰውየው ምን ሊያደርግ ይችላል? ደብዳቤውን ሲከፍት እናቱ ወይ ድናለች ወይ ተቀብራለች። በዚያ ጊዜ መንገር ያለ ጥቅም ማሰቃየት ነበር፤ ዝም ማለትም ርኅራኄ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። ጄት አውሮፕላኖች የመጡት በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ የልደታው አየር ማረፊያ ስለማይበቃቸው ቦሌ የተሠራው ለእነሱ ነው። አየር መንገዱ በ1990 ዓ.ም. አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ መብረር ጀመረ። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ደግሞ በአፍሪካ የመጀመሪያው የሆነው ድሪምላይነር፣ ማለትም ቦይንግ 787፣ ከፋብሪካው ወጥቶ በዋሽንግተን በኩል አዲስ አበባ ገባ። ሳምንታት ወደ ቀናት፣ ቀናት ወደ 13 ሰዓት ወረዱ። የቤተሰባችን ልማድ ግን እዚያው የመርከቡ ዘመን ላይ ቆሞ ቀርቷል። ወንድም ጋሼ «አትደርሺም» ሲል የሚናገረው በአያቱ ካርታ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት እፈልጋለሁ፤ ስለ መርዶ አይደለም የምናገረው። መርዶ ያለውን ጥበብ የተረዳሁት በራሴ ላይ ሲደርስ ነው። ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ፤ ጓደኞቼና የእድሩ ሰዎች ተሰብስበው ቆመዋል። ማንም ቃል ሳይናገር ገባኝ። አንዷ ወዲያው አቀፈችኝ፤ ሌላዋ የመኪናዬን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሣች፤ አንዱ ጀበናና ውኃ ወደሚገኝበት ወደ ማዕድ ቤት ሄደ። ብቻዬን በሥራ ቦታ፣ በስልክ ወይም ሰው ፌስቡክ ላይ ከለጠፈው የሻማ ሥዕል ብሰማው ኖሮ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። ሞትን በሰው ፊት፣ በማለዳ፣ በጉባኤ መንገር መቀጠል ያለበት ሥርዓት ነው።

ሞትን በዚህ መልክ መንገር የሚቻለው ግን ለሞተ ሰው መድረስ ስለማይቻል ነው። በእኛ ወግ ሰው ከሞተ ብዙ ጊዜ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይቀበራል። አንዳንድ ቤተሰብ ከውጭ የሚመጣ ልጅ እስኪደርስ አስከሬኑን በማቆያ ያስቀምጣል፤ ብዙው ግን አይችልም ወይም አይፈልግም። 30 ሰዓት ለቀብር አይበቃም። እዚህ ላይ ወንድም ጋሼ ልክ ነው፤ ሞቱ በተነገረኝ ሰዓት ብነሣም የምደርሰው፣ ቢቀናኝ፣ ለሣልስቱ ነው። ለዚህ ነው ከውጭ የሚመጣው ዘመድ ብዙ ጊዜ አርባውን የሚያወጣው። 30 ሰዓት የሚበቃው ለሕመም ብቻ ነው። ሐኪም ቤት ከገቡበት ሰዓት ጀምሮ ባለችው ጥቂት ቀን ውስጥ ነው የአሜሪካ መንገድ አጭር የሚሆነው፤ እኛ ደግሞ ዝም የምንለው ልክ በእነዚያ ቀናት ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ የሌላውን ሰው በሽታ ለደበቀም ይሠራል እላለሁ።

ኪሎ ሜትር የማይለካቸው

ይህን ሁሉ ስሌት የምሠራው ወረቀት ያለኝ፣ በፈለግሁ ጊዜ ተነሥቼ መሄድ የምችል ሰው ሆኜ ነው። በዚሁ በዋሽንግተን አካባቢ የጥገኝነት ጉዳያቸው ሳይወሰን ዓመታት የሚጠብቁ ወገኖች አሉ። እነሱ ወደ አገር ቤት ቢሄዱ ጉዳያቸው ይበላሻል፤ ለእነሱ 11,560 ኪሎ ሜትርም 13 ሰዓትም ትርጉም የለውም። ከአዲስ አበባ እስከ ሪያድ ያለው አየር 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራው ሦስት ሰዓት ተኩል አይሞላም። ሆኖም ፓስፖርቷ በአሠሪዎቿ እጅ የሆነባት የቤት ሠራተኛ ከእኔ ይልቅ ከእናቷ አልጋ የራቀች ናት። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ሲባል ሩቅ የተባለው ማን እንደሆነ ካርታ አይነግረንም። እንዲህ ላሉት ሰዎች ሕመሙን መንገር ይሻላል ወይስ መደበቅ የሚለው ከእኔ ጥያቄ ይከብዳል፤ እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን መስማትን የምመርጥ ይመስለኛል፤ ቢያንስ በስልክ ድምፅ ይደረሳል። ሆኖም ስለ እነሱ የመወሰን መብት የለኝም።

ከዚያ ወዲህ የተስማማነው

ለአርባው በስልክ በተገናኘንበት ቀን ለወንድም ጋሼ ስሌቱን አንድ በአንድ አነበብኩለት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሰማኝ። ክርክሩን የጀመሩት ከጎኑ የነበሩት አጎቴ ናቸው። «ታዲያ በየሕመሙ ሥራሽን እየጣልሽ ልትመላለሺ ነው? እኛ እኮ ሽማግሎች ነን፤ በየወሩ እንታመማለን» አሉ። ክርክራቸው እውነት አለው። አገር ቤት ያለ ሰው የሚደብቀው ከመንገዱ ርዝመት በተጨማሪ የእኛን ኑሮ ስለሚያውቅ ነው፤ የቤት ኪራዩን፣ በሰዓት የሚከፈለውን ሥራ፣ ድንገት የሚቆረጥ ትኬት ከወራት በፊት ከሚቆረጠው ምን ያህል እንደሚወደድ። ለአጎቴ የመለስኩላቸው ይህንን ነው፤ «መንገሩ የእናንተ ይሁን፤ መምጣት አለመምጣቱን እኔ ልወስን። ሐኪሙን እኔም ላነጋግር። ባልመጣ እንኳ ያልመጣሁት አውቄ ይሁን።» አጎቴ እስከ ዛሬ በሙሉ ልባቸው አልተቀበሉትም፤ ወንድም ጋሼ ግን ሐኪም ቤት የሚያድር ሰው ካለ በዚያው ቀን ሊነግረኝ ቃል ገብቷል፤ ቃሉንም ጠብቋል።

የትኬቱን ነገር ደግሞ በዚህ በኩል ያለነው ዘመዶች ተነጋገርንበት። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ያለን የእህትማማችና የወንድማማች ልጆች በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያዋጣን የምናስቀምጠው ገንዘብ አለ፤ ከእድራችን የተለየ ነው። እድሩ ለሞት ነው፤ ይህኛው ለሕመም። ወላጁ ወይም አሳዳጊው ሐኪም ቤት የገባበት ሰው ሳይጠይቅና ሳይለምን በዚያው ማታ ትኬት ይቆረጥለታል፤ ገንዘቡን ሲመቸው ቀስ በቀስ ይተካል። ፓስፖርታችንና ቢጫ ካርዳችን እንዳያልፍበትም አንዳችን የሌላችንን እየተከታተልን እናሳስባለን፤ በችኮላ ሰዓት ሰውን ከውቅያኖስ ይልቅ የሚያስቀረው ጊዜው ያለፈበት ወረቀት ነውና።

በዚህ ገንዘብ መጀመሪያ የሄደችው የአጎቴ ልጅ ናት፤ ሥርዓቱን እስከ መጨረሻው የተቃወሙት የእነዚያው የአጎቴ። ደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ወድቀው ሐኪም ቤት እንደገቡ ወንድም ጋሼ ወዲያው ደወለ። በማግስቱ በጠዋቱ በረራ ተነሥታ አባቷ ሳይደክሙ፣ እያወቋት ደረሰች። አብራቸው ሰነበተች፤ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ሰጠቻቸው፤ ከሐኪሞቹ ጋር ተነጋግራ ክትትላቸውን አስተካከለች። ዛሬ ቤታቸው ናቸው። ገንዘቡንም መልሳ ጨርሳለች። አሁን ያልተቋጨው ጉዳይ የባልና የሚስት ወላጆች በመዋጮው ይካተቱ ወይስ አይካተቱ የሚለው ነው። ገንዘቡ አይበቃም የሚሉ አሉ። እኔ መካተት አለባቸው ባይ ነኝ፤ መዋጮው ትንሽ ከፍ ይበል እንጂ፣ ባሏ ወደ አባቱ ሲጣደፍ ትኬት የምትለምን ሚስት በመካከላችን እንድትኖር አልፈልግም።